በመስቀል አንድ፣ በገና ሁለት

ጥቅምት ሊገባደድ ሲል ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ጥያቄ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ «ሰዓት ቀየሩ እንዴ?» ማን ቀየረ፣ የማንን ሰዓት ብሎ መልሶ የሚጠይቅ የለም። የአሜሪካኖቹ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ማታ 3 ሰዓት ላይ በምሳ ዕረፍቷ ስትደውል የከረመች የሜሪላንድ ደንበኛ አንድ ሰኞ ድምፅዋ ይጠፋል። ባለሱቋ ጠብቃ ጠብቃ ትታው ትተኛለች፤ ዓይኗን ከደን ስታደርግ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ይጮኻል። ቀሚሱ ያው ነው፣ ጥለቱ ያው ነው፣ የደንበኛዋ ምሳም ከወትሮው ሰዓት ዝንፍ አላለም። የባለሱቋ እንቅልፍ ግን ተቆረጠ።

ነገሩ የሽሮ ሜዳ ጉዳይ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ከአሜሪካ ኤምባሲ አጥር ተነስቶ የእንጦጦን መንገድ ጥቂት ሽቅብ መራመድ ይበቃል። ግራና ቀኙ የሀበሻ ልብስ ነው፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ የሙሽራው ካባ ከበር በላይ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። በየጓሮው ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል፤ አብዛኛው ከጋሞ ደጋ የመጣ፣ ወይም አባቱ ከዚያ የመጣ ነው። ገዢው ግን ርቋል። ልኩ በቴሌግራም ይመጣል፣ የጥለቱ ቀለም በቪዲዮ ይመረጣል፣ ቀብዱ በዘመድ እጅ ይደርሳል፣ የተሰፋው ቀሚስ በመንገደኛ ሻንጣ ይሄዳል። ሰዓቱ የሚቀየረው ደግሞ የገናና የጥምቀት ትእዛዝ መጉረፍ ሲጀምር፣ ከጥቅምት 22 እስከ 28 ባለው ጊዜ በሚውለው እሁድ ነው። ዋሽንግተን ተኝታ ሳለች፣ በእነሱ ሌሊት 2፡00 ሲል፣ ሰዓቱን ወደ 1፡00 ይመልሱታል። በዚያች ቅጽበት ጉለሌ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከቁስቋም ቁልቁል እየወረደ ነው። ማንም ምንም አይሰማውም።

ወደ ኤምባሲው በር ሲወረድ ሌላ የሰዓት ጨዋታ አለ። ጠዋት ጠዋት ፕላስቲክ ማህደር በብብታቸው የያዙ ሰዎች ይታያሉ። ወረቀት ላይ 8፡00 ተብሎ ከተጻፈ ለአንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ለሌላው ምሳ ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓትና አንድ ሙሉ የቪዛ ተስፋ አለ። ስለዚህ በዚህ መንገድ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» ሳይል የሚያልፍ የለም፤ የሻይ ቤቷ ልጅ ሳትቀር ከክፍለ ሀገር ለመጣ እንግዳ ወረቀቱን አይታ ትፈታለታለች።

እትዬ የምላቸው ባለሱቅ አሉ። ሱቃቸው ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ሰዓት የሐበሻ ነው፣ ስልካቸው ላይ ያለው የፈረንጅ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው የደንበኞቻቸው። ለዋሽንግተንና ለአካባቢው አንድ ሕግ አላቸው፤ «በመስቀል አንድ፣ በገና ሁለት።» ከእኛው ሰዓት ላይ ይቀነሳል፣ አለቀ። በመስቀል ሰሞን እዚህ ቀን 9 ሰዓት ከሆነ እዚያ ጠዋት 8፡00 ነው። በገና ሰሞን ያው 9 ሰዓት ለእነሱ 7፡00 ነው። ፋሲካስ? ሁልጊዜ ሰዓቱ ወደ ፊት ከተገፋ በኋላ ስለሚውል ተመልሶ አንድ። የእኛ ማታ 3 ሰዓት በመስቀል የእነሱ ቀን 2፡00፣ በገና 1፡00 ይሆናል።

መጀመሪያ ስሰማው በአጋጣሚ የሚሠራ የገበያ ብልሃት መስሎኝ ነበር። የተማረው ሰው ሂሳቡን የሚሠራው በሁለት እርምጃ ነውና። የእኛን ወደ ፈረንጅ ለማምጣት 6 ይደምራል፣ ከዚያ 7 ወይም 8 ይቀንሳል፣ መሃል ላይ ጠዋቱና ማታው ይምታታበትና በሌላው እኩለ ሌሊት ላይ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ግን የእትዬ መንገድ ልክ ብቻ ሳይሆን የአቋራጮች ሁሉ አቋራጭ ነው። የአገሪቱ ሕጋዊ ሰዓት ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል። እኛ አፋችን ላይ የምንጠራው ቁጥር ከዚያ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ እጃችን ላይ ያሰርነው ሰዓት፣ ቁጥሩ ብቻ ሲታይ፣ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ያለ መርከበኛ ዓይነት ሰዓት። ዋሽንግተን ከዚያ የምትርቀው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለለንደን 3 ይደመራል፣ ሰዓታቸውን ሲገፉ 4። የሐበሻ ሰዓት ለመቀየር ያስቸግራል የሚባለው ተረት እንደሆነ ከዚህ ወዲያ ምስክር አልፈልግም። የሚያስቸግረው በፈረንጁ ዞሮ መሄድ ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ የዓለም ካርታ ሌላ ይመስላል። ቦነስ አይረስ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሳኦ ፓውሎም እንዲሁ። በሌላው ወገን ቶኪዮና ሴኡል 9 ሰዓት ይቀድማሉ፤ 12 ቁጥር ባለው ግድግዳ ሰዓት ላይ ደግሞ 9 መቅደምና 3 መቅረት አንድ ናቸው። ስለዚህ የአዲሱ ገበያ ሰዓት ጠጋኝ መስኮት ላይ ያሉ ጤነኛ ሰዓቶችና ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ የተሰቀለው ሰዓት እጃቸው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው። የእኛ ቀን 9 ሰዓት የእነሱ ማታ 9፡00 ነው፤ ጃፓንም ኮሪያም ሰዓት ስለማይቀይሩ ዓመቱን ሙሉ ዝንፍ አይልም። ጃፓናዊ ቱሪስት ሰዓቱን ሳይነካ ጉለሌ ውስጥ ከሚኒባስ ረዳት ጋር መግባባት ይችላል።

ቦነስ አይረስን አንድ ስልክ የሚጠግን ልጅ ይጠቀምባታል። ፈረንጅ ሰዓት አልጨበጥ ላላቸው አዛውንቶች ስልካቸውን በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ማዞር እንደማያዋጣ ያውቃል፤ የማረጋገጫ ቁጥር የሚያወጡት መተግበሪያዎች ይሳሳታሉ፣ ዋትስአፕም ሰዓትህን አስተካክል ብሎ ያኮርፋል። እሱ ሰዓቱን አይነካም፣ ከተማውን እንጂ። ስልኩ አርጀንቲና ያለ ይመስለዋል፣ ቁጥሩ የሐበሻ ይሆናል። እኔን ያስደነቀኝ ቀኑ ነው። ቦነስ አይረስ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ስልክ ላይ አዲሱ ቀን የሚገባው ሲነጋ ነው፣ ልክ አያቶቻችን እንደሚቆጥሩት። ሰኞ ጎህ እስኪቀድ ድረስ እሁድ ነው። የትኛውም የስልክ ፋብሪካ ያላሰበልንን አርጀንቲና አሰበችልን። ልጁ ሃሊፋክስ የምትባለውን የካናዳ ከተማ መርጦ ቢሆን ኖሮ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ልክ ይሆንና ቀዝቃዛው ወር ሲመጣ ጉድ ይፈላ ነበር፤ እነሱም ይቀይራሉና።

ቀኑ መቼ ይገባል የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። ቦሌ ዘመድ ለመቀበል ወይም ለመሸኘት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ቲኬቱ ማክሰኞ 01፡00 ይላል። እኛ ያንን ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው የምንለው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለው አነጋገር ይህን ሁሉ ጣጣ ይፈታል፤ የሽኝት ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ለዚህ ነው።

«በዓለም ላይ በዚህ ዓይነት የምንቆጥር እኛ ብቻ ነን» የሚል ኩራት በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ሞያሌን ተሻግሮ ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓት መጠየቅ ነው፤ ጠዋት አንድ ሲል እኛ አንድ የምንለውን ማለቱ ነው። የአቶስ ተራራ መነኮሳት ደግሞ ዛሬም ድረስ ብዙዎቹ ገዳማት ውስጥ ቀኑን ከፀሐይ መጥለቅ ይቆጥራሉ። እነሱ የምር ናቸው፤ ፀሐይ በየዕለቱ በተለያየ ደቂቃ ስትጠልቅ በሰዓታቸው ይከተሏታል። እኛ እንደዚያ አናደርግም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ የስልኬን የከተሞች ዝርዝር ቁልቁል ስፈትሽ ሎርድ ሃው የምትባል ደሴት ላይ ቆምኩ። ደቂቃዋ ከአብዛኞቹ ጋር አልገጠመም። አብዛኛው 20 ሲል እሷ 50 ትላለች። ደሴቲቱ የአውስትራሊያ ናት፤ ከምሥራቁ ጠረፍ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ውቅያኖስ መሃል ተቀምጣለች። ርዝመቷ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ብትዘረጋ ሳሪስ አትደርስም። ነዋሪዎቿ ከ400 ብዙ አይበልጡም፤ ጎብኚም በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ አይገባም። እነዚህ ጥቂት ሰዎች የራሳቸው የሰዓት ክልል አላቸው፤ ከግሪንዊች 10 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። የባሰው ግን ይህ አይደለም። በመስከረም መጨረሻ ገደማ ሲድኒና ሜልበርን ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፉ፣ ደሴቲቱ የምትገፋው ግማሽ ሰዓት ነው። በዓለም ላይ ሰዓቷን በግማሽ የምትቀይር ሌላ የለችም።

ስቄ ነበር፤ ሳሰላው ግን ምክንያት አለው። ደሴቲቱ ከሲድኒ በምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ ቀድማ ትወጣላታለች፣ ግማሽ ሰዓቷ የተፈጥሮ ድርሻዋ ነው። በሞቃቱ ወራት፣ ጎብኚው ከሲድኒ ሲበር፣ ግማሽ ብቻ ስትገፋ ከሲድኒ ጋር እኩል ትሆናለች። ሌላውን ግማሽ ዓመት ለፀሐይ፣ ይህን ግማሽ ዓመት ለእንግዳ። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ይኖራሉ። አንድ ሙሉ ሰዓት ገፍተው ከሲድኒ ግማሽ ሰዓት ከመቅደም፣ ግማሽ ገፍተው አብሮ መዋል ይሻላል የሚለው ውሳኔ የነጋዴ ውሳኔ ነው። እትዬ ቢሰሙት ያደንቁታል ብዬ አሰብኩ።

ሰዓት መግፋት የሚባለውን ነገር ያመጡት ሰዎች ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። አንዱ ኒውዚላንዳዊው ጆርጅ ሃድሰን ነው፤ ዌሊንግተን ፖስታ ቤት ይሠራ ነበር፣ ፍቅሩ ነፍሳት መሰብሰብ ነው። ከሥራ ሲወጣ ብርሃን ቢቆይለት ብሎ በ1895 እ.ኤ.አ. ሰዓት በ2 እንዲገፋ ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዛዊው ቤት ሠሪ ዊልያም ዊሌት ደግሞ በ1907 መጽሔት ቢጤ አሳትሞ ሕዝቡ ጀምበር ወጥታ ይተኛል ብሎ ወቀሰ። የሰማቸው የለም። በ1916 ጀርመን በጦርነቱ መሃል ከሰል ለመቆጠብ ስትቀይር ሌሎቹ ተከታትለው ቀየሩ። የቢራቢሮ አዳኝ ያልቻለውን የከሰል እጥረት ቻለው።

እነሱን የገባቸው እኛን የማይገባን ለምንድን ነው? ለንደን በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፣ በታኅሣሥ 8 ሰዓት አይሞላም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ ማንም ሳያያት ሁለት ሦስት ሰዓት ስትባክን ያሳዝናል። እዚህ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ቢወዳደሩ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ከትንሽ ነው። የሚገፋ ነገር የለንም። በዚህ ነገር ላይ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። በውስጡ ቀንና ሌሊት በ18 ክፍል ይከፈላል፤ ቀን እጅግ ሲረዝም 12ቱን ይወስዳል፣ ለሌሊት 6 ይቀራል። በእኛ አቆጣጠር 16 ሰዓት ቀን፣ 8 ሰዓት ሌሊት መሆኑ ነው። ይህ የለንደን ሰማይ እንጂ የላሊበላ አይደለም። ጣና ዳር ተቀምጦ ያንን ምዕራፍ የገለበጠ ደብተራ በውጭ የሚያየው ቀን ከሌሊቱ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ብራናው ላይ የሚጽፈው ደግሞ እጥፍ ነው። አንዱንም ሳያዛባ ጻፈው። ያንን ታማኝነት አከብራለሁ፤ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ ምን እንዳለ ባውቅ ግን ብዙ እሰጥ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሰማይ። «የሐበሻ ሰዓት ፀሐይን ይከተላል» እንላለን፤ ፀሐይ ስትወጣ 12፣ አናት ላይ ስትቆም 6፣ ስትጠልቅ 12። ግማሹ እውነት ነው። ሕጋዊው ሰዓታችን የተቆረጠው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር ነው፤ ያ መስመር የሚያልፈው በኦጋዴን፣ ዋርዴር አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ 6 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ወደ ምዕራብ ናት፤ ፀሐይ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ ጉለሌ ላይ ቀትር የሚሆነው በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ነው። ጋምቤላ 6 ከ40 ያልፋል። ሽሮ ሜዳ 6 ሰዓት ነው ሲባል ለዋርዴር ሰው ልክ ነው፤ ለእኛ ፀሐይ ገና እየወጣች ነው።

ያ 25 ደቂቃም አማካይ ነው። መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ሞላላ ስለሆነና ዘንበል ብላ ስለምትዞር፣ ቀትር ዓመቱን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ፀሐይ ጉለሌ አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ8 ገደማ ነው፣ ከሁሉ ቀድማ። የካቲት ሲገባ 6 ከ39 ትላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ስንት ነው? ግማሽ ሰዓት። ሎርድ ሃው በሕግ የምታደርገውን ፀሐይ ራሷ ያለ አዋጅ፣ ያለ ምክር ቤት በእንጦጦ ላይ ታደርገዋለች። ጥር መጨረሻ ላይ ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ ሲነሱ ለምን እንደሚጨልምባቸው የገረመው ወላጅ መልሱ ይኸው ነው፤ ያኔ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ከ45 አካባቢ ነው፣ በሰኔ ግን 12 ከ7። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ሲል ትጠልቃለች። «ዛሬ ቶሎ መሸ» የሚባልበት ሰሞን አሜሪካኖቹ ሰዓት ከሚቀይሩበት ሰሞን ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ግን አንድ ሽማግሌ «እነሱ ሲነኩት የእኛም ተዛባ» ሲሉ ሰምቼ ለመቃወም ልቤ አልፈቀደም።

ከላይ፣ እንጦጦ ጫፍ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ያዩትን የሚመዘግቡት በሐበሻም በፈረንጅም አይደለም፤ ለዓለም ሁሉ በጋራ በተቆረጠው፣ ግሪንዊችን በሚከተለው ሰዓት ነው። ለእነሱ ማታ 3 ሰዓት 18፡00 ነው። ስለዚህ በአንድ ዳገት ላይ ሦስት ሰዓት ይሠራል፤ ከላይ የኮከቡ፣ መሃል የሸማኔው፣ ከታች የቪዛው። ማንም አልተጣላም።

የሚያጣላው መንግሥት እጁን ሲያስገባ ነው። ሊባኖስ የብዙ እህቶቻችን አገር ናት፤ ከሰው ቤት ሥራ ተርፎ በኢሞ የሚደወልባት ሰዓት ለቤተሰብ ውድ ናት። ቤይሩት በብርዱ ወራት ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ስትገፋ እኩል እንሆናለን። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ላይ ሰዓቱ ሊገፋ ቀናት ሲቀሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናጂብ ሚቃቲ ረመዳን እስኪያልቅ ይቆይ አሉ፤ የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን ግን እንቀይራለን አለች። አንዳንዱ ትምህርት ቤትና ቴሌቪዥን ጣቢያ ቀየረ፣ አንዳንዱ አልቀየረም፤ አንዳንዱ ስልክ በራሱ ተገፋ፣ አንዳንዱ ቆመ። አንዲት ትንሽ አገር ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ኖረች፤ ሃይማኖትህ የትኛው ነው ከማለት ሰዓትህ ስንት ነው ማለት ይበቃ ነበር። ከዚያ መንግሥት ውሳኔውን ሻረው። ሱዳንም እንዲህ ባይሆንም ዞራለች፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን ከእኛ ጋር እኩል አድርጋ፣ በ2017 ጥቅምት ላይ አንድ ሰዓት መለሰችው። መተማ ላይ ተሻግሮ ጋላባት የሚነግድ ሰው 9 ሰዓት ብሎ ተነስቶ 2፡00 ይደርሳል፤ ሂሳቡን የሚጠላ ካለ እዚያ አይነግድ።

በሰዓት ለውጡ የሚጠቀም ሰው አለ ከተባለ ዋሽንግተን ያለ ጿሚ ነው። ዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፣ 9 ሰዓት ማለት በእነሱ 3፡00 ነው ብሎ ግድግዳውን የሚያይ፣ ብዙ ጊዜ ጾሙ መሃል ላይ ሰዓቱ ሲገፋ ቀትር አልፎ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መዓዱ ይቀርብለታል። እዚህ ያለው ዘመዱ ያን ያህል አይታደልም። የጥንቱ ሰው ጥላውን በጫማው እየለካ ስለነበር ማታለያ አልነበረውም። ጥላ አይገፋም።

ስለ ደሴቲቱ እትዬን ያጫወትኳቸው ከገና በፊት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ቀሚስ በፌስታል እየታጠፈ ነበር።

«ግማሽ ሰዓት?» አሉ፣ ፌስታሉን አስቀምጠው። «ግማሽ ሰዓትማ ምን ለውጥ ነው? እኛ ሰፈር ግማሽ ሰዓት ያረፈደ ሰው በሰዓቱ መጣ ነው የሚባለው።»

«ለእንግዳ ብለው ነው፣ እትዬ። ከሲድኒ ጋር እኩል ለመሆን።»

«ለደንበኛማ ልክ ናቸው።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «አንተ፣ እኔ እኮ ሜልበርን ሦስት ቀሚስ አለብኝ። ልጅቷን መቼ እንደምደውልላት እየጠፋኝ ሁለቴ ከእንቅልፏ ቀስቅሻታለሁ። ለእነሱስ ስንት ነው?»

በወረቀት ላይ ጀመርኩ። የእኛ ቁጥር ከግሪንዊች 3 ወደ ኋላ፣ ሜልበርን 10 ወደ ፊት፣ በ12ቱ ሲታጠፍ አንድ ይደመራል። እነሱ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ሲገፉ ሁለት። በመጋቢት መጨረሻ ሲመልሱ እንደገና አንድ። የጻፍኩትን አየሁት፤ ደግሜ አየሁት።

«እትዬ፣ ያው የእርስዎ ነው። በመስቀል አንድ፣ በገና ሁለት፣ በፋሲካ አንድ። ለአሜሪካ ይቀንሳሉ፣ ለአውስትራሊያ ይደምራሉ።»

«በል ቁጠርልኝ።»

«አሁን ቀን 9 ነው። ሁለት ሲደመር 11። የእኛ ቀን የእነሱ ማታ ነው፤ ልጅቷ ጋ ከምሽቱ 11፡00 ሆኗል።»

«ተኝታለች በለኛ። ነገ ቀን 5 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ከምሽቱ 1፡00… 7፡00?»

«7፡00።»

«እራት ላይ ናት፣ ታነሳለች። ያቺ ደሴትስ ስንት ነው ያልከኝ?»

«በመስቀል አንድ ተኩል፣ በገና ሁለት።»

«እንግዲያው በገና ብቻ ያዝዙኝ» አሉና ፌስታሉን አነሱ።